ጠማማና ተዳፋት ስለ ሆነ የመታጠቢያ ቤት ወለል አነጣጠፍ

ውኃ ለሰው ልጅ ጤና ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ውኃ የሚጠቅመው ሥራውን ፈጽሞ ሲሄድ ነው፤ ከታጠብንበት በኋላ በቤታችን ውስጥ ተኝቶ የቀረ እንደ ሆነ ወዳጅነቱ ይቀርና ጠላት ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ብዙ ሰዎች እንደ ቀላል ነገር ስለሚቈጥሩት፣ ዳሩ ግን ለቤተ ሰብ ጤና ታላቅ ጕዳይ ስለ ሆነው ስለ መታጠቢያ ቤት ወለል ለመግለጽ አስበናል።

የዲላ ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ የምትገኝ ናት። ከከተማይቱ ተነሥቶ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋጨፌ፣ ወይም ሽቅብ ወደ ቡሌ የሚሄድ ሰው ሁሉ እንደሚያየው የጌዴኦ አገር ሜዳው ጥቂት፣ ኮረብታውና ተዳፋቱ ብዙ ነው። የጌዴኦ ገበሬ በዚህ ተዳፋት ላይ እንሰቱን፣ ቡናውንና ትልልቁን ዛፍ ደራርቦ በመትከል አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ እንዳይሄድ ማድረግን ከአባቶቹ ተምሯል፤ ይህም ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ለመጻፍ በቅቷል። በእርሻው ላይ ውኃን ማስተዳደር የሚያውቅ ሕዝብ በቤቱ ወለል ላይ ማስተዳደር አያቅተውም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በእርሻ ላይ ውኃው ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ይፈለጋል፤ በመታጠቢያ ቤት ግን ሳይዘገይ እንዲወጣ ያሻል።

1. ወለል ለምን ይጣመማል?

በተዳፋት ላይ ቤት ሲሠራ ቦታው በላይኛው በኩል ይቈረጣል፤ የተቈረጠው አፈርም በታችኛው በኩል ይሞላል። እንግዲህ የቤቱ ግማሽ ባልተነካ መሬት ላይ፣ ግማሹ ደግሞ በሙሌት ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ሙሌቱ በስስ በስሱ እየተደለደለና እየተጠቀጠቀ ካልተሠራ፣ ዝናብ በመጣ ቍጥር ቀስ በቀስ እየሰመጠ ይሄዳል። ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚበረታበት በጌዴኦ አገር ይህ ነገር ቶሎ ይታያል። መታጠቢያ ቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጓሮ በኩል፣ ወይም ቤቱ ካለቀ በኋላ ተቀጥሎ ስለሚሠራ፣ በሙሌቱ ላይ የሚወድቀው እርሱ ነው።

ከዚህም ሌላ ወለሉ በመጀመሪያ ሲሠራ ያለ ውኃ ልክ፣ በዐይን ግምት ብቻ የተለሰነ እንደ ሆነ በአንዱ ቦታ ጕድጓድ፣ በሌላው ቦታ ጕብታ ይወጣዋል። ተዳፋትነትና ወጣ ገባነት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ተዳፋት ወለል በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም መታጠቢያ ቤት ያለ ተዳፋት አይሆንም። ክፉው ነገር ወለሉ ባለቤቱ ወደ ፈለገበት ሳይሆን ኮረብታው ወደ ፈለገበት ሲያዘነብል ነው።

2. አንድ ምሳሌ

እንዲህ ያለው ነገር በብዙ ቤት የሚደርስ ስለ ሆነ የማንም ስም ሳይነሣ ለምሳሌ ያህል እንናገረው።

አንድ አባወራ የቡናውን ገንዘብ ባገኘበት ወራት መታጠቢያ ቤቱን ለማሳደስ አሰበና እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ገዛ። ግንበኛው ወለሉን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይህ ወለል ወደ ጓሮው ጥግ ሦስት ጣት ያህል ያዘነብላል፤ ምን ይሻላል?» ብሎ ጠየቀው። አባወራውም፣ «ተዳፋት ለውኃ መልካም አይደለምን? በላዩ አንጥፍበት» ብሎ መለሰ። ነገር ግን የውኃ መውረጃው ቀዳዳ የነበረው በጓሮው ጥግ ሳይሆን ከዚያ ፊት ለፊት በበሩ አጠገብ ባለው ጥግ ነበር።

ሥራው ባለቀ ጊዜ ጐረቤት ሁሉ አደነቀ። ዕድሜያቸው የገፋው እናቱ ብቻ ደፉ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ መስተዋት የሚታዩበት ነው እንጂ የሚረግጡት አይደለም» አሉት። እርሱም ሣቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው በታጠበ ቍጥር በጓሮው ጥግ ውኃ ይቋጠር ነበር፤ ሳሙናም በውኃው ላይ እየተኛ ወለሉን አሙለጨለጨው። አንድ ቀን ማለዳ እናቱ ፊታቸውን ሊታጠቡ ገብተው እግራቸው ከዳቸውና ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸውም ተሰበረ። ያን ጊዜ ሴራሚኩ ውብ መሆኑ ለማንም አልጠቀመም። የግንበኛው ጥያቄ ትክክለኛ ነበር፤ ጊዜ ተሰጥቶት አልተመረመረም እንጂ።

3. ውኃ የሚቋጥር ወለል የሚያመጣው ጕዳት

አንደኛው ጕዳት ከላይ የተነገረው መውደቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመላው ዓለም በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ናቸው። በእርጅና ወራት የተሰበረ የዳሌ አጥንት ቶሎ አይገጥምም፤ በሽተኛውም ለረጅም ጊዜ ከአልጋ ስለሚውል በሳንባ ምችና በመኝታ ቍስል ሊጠቃ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃንም ለዚሁ አደጋ የተጋለጡ ናቸው።

ሁለተኛው ጕዳት ርጥበት ነው። በወለል ላይ የተኛ ውኃ በሴራሚኩ መጋጠሚያ እየሰረገ ወደ ግድግዳው ግርጌ ይደርሳል። ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ የሆነ እንደ ሆነ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል። ግድግዳው የብሎኬት ቢሆንም ልስኑ ያብጣል፤ ሻጋታም ይወጣበታል። ሻጋታ ደግሞ አስም ላለበት ሰውና ለሕፃናት ትንፋሽ ጠንቅ ነው። ከዚህም በላይ የሰረገው ውኃ ሙሌቱን አርሶ ይበልጥ ስለሚያሰምጠው፣ ጠማማው ወለል ራሱን በራሱ እያጣመመ ይሄዳል።

ሦስተኛው በእግር በኩል የሚመጣ በሽታ ነው። ሁልጊዜ ርጥብ በሆነ ወለል ላይ በጣቶች መካከል የሚወጣው ፈንገስ ከአንዱ የቤተ ሰብ አባል ወደ ሌላው ይተላለፋል። ወለሉ አፈር ሆኖ በሰው ዓይነ ምድር የተበከለ ከሆነም፣ ደም የሚመጠው የአንጀት ትል ዕጭ በርጥብና በጥላማ አፈር ውስጥ ይቈይና በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ በዚህም ሰውየው በደም ማነስ ይደክማል።

4. አስቀድሞ መመርመር

አንድ ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት እንደማይሰጥ ሁሉ ወለሉም ሳይመረመር ሴራሚክ አይነጠፍበትም።

በመጀመሪያ ወለሉ አሁንም እየሰመጠ መሆኑንና አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። በወለሉ ወይም በግድግዳው ላይ ስንጥቅ ቢኖር፣ ስንጥቁን አቋርጦ ጥቂት ጂፕሰም ይለጠፍበትና ቀኑ ይጻፍበት። አንድ የዝናብ ወራት ካለፈ በኋላ ጂፕሰሙ ተሰንጥቆ የተገኘ እንደ ሆነ መሬቱ ገና አልተኛም። እንዲህ በሆነ ጊዜ በላዩ ሴራሚክ ማንጠፍ ገንዘብን መጣል ነው፤ አስቀድሞ ከጣራው የሚወርደውን ውኃ በአሸንዳ መውሰድ፣ ከቤቱ በላይ በኩልም የጎርፍ መመለሻ ቦይ መቅደድ፣ ሙሌቱንም እንደ ገና አጠናክሮ መጠቅጠቅ ይገባል።

መሬቱ መተኛቱ ከታወቀ በኋላ የወለሉ ልክ ይወሰዳል። ለዚህም ውኃ የተሞላበት፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ጎማ ይበቃል፤ በጎማው በሁለቱ ጫፍ ያለው ውኃ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ላይ ይቆማልና። በዚሁ ጎማ በአራቱም ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ከፍታ ምልክት ይደረጋል፤ ከምልክቶቹም እስከ ወለሉ ያለው ርቀት በሜትር እየተለካ ይጻፋል። ርቀቱ የረዘመበት ጥግ ዝቅ ያለው፣ ያጠረበት ጥግ ከፍ ያለው ነው። በመካከል ያለውን ጕድጓድና ጕብታ ለማወቅ ደግሞ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ በወለሉ ላይ በየአቅጣጫው ይጋደማል፤ ከዘንጉ ሥር ብርሃን የታየበት ቦታ ሁሉ ጕድጓድ መሆኑ ይታወቃል።

5. ወለሉን ወደ ቀዳዳው፣ ወይስ ቀዳዳውን ወደ ወለሉ?

የመታጠቢያ ቤት ወለል በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀዳዳው ማዘንበል አለበት። ከዚህ ያነሰ እንደ ሆነ ውኃው ይተኛል፤ እጅግ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ ቆሞ ለመታጠብ አያመችም፣ አረጋውያንንም ያንገዳግዳል።

አሁን የምሳሌያችንን ቤት እናስላው። ክፍሉ ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ነው እንበል፤ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሲለካ 2.5 ሜትር ይሆናል። በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ሲታሰብ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ያለው ጥግ ከቀዳዳው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። በአሮጌው ወለል ላይ የሚለሰነው አዲስ የሲሚንቶ ወለል በቀጭኑ ቦታ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ ከዚህ ከሳሳ ይሰነጠቃልና።

ቀዳዳው በበሩ አጠገብ እንዳለ ይቅር ያልን እንደ ሆነ፣ የጓሮው ጥግ አሁን 3 ሳንቲ ሜትር ስለ ሰመጠ፣ በዚያ የሚፈለገው ውፍረት 3 ሲደመር 3 ሲደመር 5፣ በጠቅላላው 11 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ብዙ ሲሚንቶና አሸዋ ከመፍጀቱም በላይ ሸክሙን በደካማው ሙሌት ላይ ይጨምራል፤ ውኃውንም ከጓሮ ወደ በር ያመጣዋል። ነገር ግን ቀዳዳው ተነሥቶ ወደ ሰመጠው የጓሮ ጥግ የሄደ እንደ ሆነ፣ ኮረብታው ራሱ 3 ሳንቲ ሜትር አዘንብሎልናል፤ የሚቀረን 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በቀዳዳው ዘንድ 3፣ በበሩ ዘንድ 5 ሳንቲ ሜትር መለሰን ይበቃል። ቱቦውም ቍልቍል ወደ ጓሮ ስለሚወጣ መንገዱ ቀና ይሆናል።

ከዚህ የምንማረው፣ የአባወራው ንግግር ግማሹ እውነት እንደ ነበር ነው። ተዳፋት ለውኃ መልካም ነው፤ በተዳፋቱ መጨረሻ ላይ ቀዳዳ ሲኖር። ስለዚህ ወይ ወለሉ ወደ ቀዳዳው ይምጣ፣ ወይ ቀዳዳው ወደ ወለሉ ይሂድ፤ ሁለቱ ተለያይተው የቀሩ እንደ ሆነ ግን የሚጐዳው ሰው ነው።

የበሩም ነገር አይዘንጋ። አዲሱ የሲሚንቶ ወለልና ሴራሚኩ ተደምረው ከፍታውን ስለሚጨምሩ፣ አስቀድሞ ያላሰበበት ሰው ሥራው ካለቀ በኋላ በሩ አልከፈት ይለዋል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል በደፉ ዘንድ ከሚቀጥለው ክፍል ወለል 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መቅረት ይገባዋል። ከፍታው የማይበቃ ከሆነ አሮጌው ሊሾ ተፈንቅሎ ይወጣል እንጂ አዲሱ ወለል አይሳሳም።

6. የታችኛውን ወለል ስለ ማስተካከል

ወጣ ገባ ወለል የሚስተካከለው ከሴራሚኩ በታች ባለው ወለል ነው እንጂ ሴራሚኩን በሚያጣብቀው ሲሚንቶ አይደለም። ጕድጓዱን በማጣበቂያ እየሞሉ ማንጠፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ የወፈረው ቦታ ሲደርቅ ይኰማተርና ሴራሚኩ ከቦታው ይላቀቃል።

ሥራው በዝናብ ወራት ባይሆን ይመረጣል፤ ታኅሣሥና ጥር ይመቻሉ። የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

ሀ/ የላላው ልስን ሁሉ ይፈንቀላል፤ ለስላሳው ሊሾ በመሮና በመዶሻ ይጫራል፤ ቅባት፣ ሳሙናና አቧራ በሚገባ ይታጠባል።

ለ/ ወለሉ ይርሳል፤ ነገር ግን ውኃ እንዲተኛበት አይደረግም። በላዩ በውኃ የተበጠበጠ ቀጭን ሲሚንቶ በመጥረጊያ ይቀባል፤ ይህም ሳይደርቅ አዲሱ ድብልቅ ይደፋበታል።

ሐ/ ድብልቁ 1 እጅ ሲሚንቶ ለ3 እጅ የታጠበ አሸዋ ነው። ጭቃ ያለበት አሸዋ አይጠቅምም። ውፍረቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር በሚበልጥበት ቦታ የደቀቀ ጠጠር የገባበት ኮንክሪት አስቀድሞ ይደረግበታል። መጠንከር የጀመረውን ድብልቅ ውኃ እየጨመሩ እንደ ገና ማላላት የተከለከለ ነው፤ ኀይሉ ያልቃልና።

መ/ ከግድግዳው ምልክት እየተለካ እስከ ቀዳዳው ሲባጎ ይወጠራል፤ በሲባጎው ልክ ጠባብ የድብልቅ መስመሮች ይሠራሉ። ከዚያም በመስመሮቹ መካከል ተሞልቶ ቀጥ ባለው ዘንግ እየተጠረገ ይስተካከላል።

ሠ/ አዲሱ ወለል ቢያንስ ለ7 ቀን ርጥበቱ መጠበቅ አለበት። ርጥብ ጆንያ ወይም ላስቲክ ይልበስ፤ ይህ ባይገኝ የእንሰት ቅጠልም ጥላ ይሆነዋል። ቶሎ የደረቀ ሲሚንቶ ድንጋይ ሳይሆን አሸዋ ሆኖ ይቀራል።

ረ/ ከደረቀ በኋላ ውኃ የማያስገባው የሲሚንቶ ቅብ በወለሉ ሁሉና በግድግዳው ግርጌ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ ሰው ቆሞ በሚታጠብበት በኩል ደግሞ እስከ ራስ ከፍታ ይደርሳል። ሴራሚክ ውኃን ሙሉ በሙሉ ይከለክላል ብሎ ማመን አይገባም፤ ውኃ በመጋጠሚያው በኩል ያልፋልና።

ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት አንድ ባልዲ ውኃ በአዲሱ ወለል ላይ ይደፋ። ውኃው ተቋጥሮ የቀረበት ቦታ ቢኖር በዚህ ጊዜ ማረም በጥቂት ሲሚንቶ የሚፈጸም ሲሆን፣ ሴራሚኩ ከተነጠፈ በኋላ ግን ማፍረስን ይጠይቃል።

7. ስለ ቀዳዳውና ስለ ሽታ መከላከያው

የወለል ውኃ መውረጃ ቱቦ ወርዱ ከ50 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን፤ በላዩም ፀጕርንና ቈሻሻን የሚያስቀር፣ ተነሥቶ የሚታጠብ ወንፊት ይደረግበት። ከወንፊቱ በታች ውኃ የሚይዝ ጐባጣ ቱቦ፣ ማለት ሲፎን፣ መኖር አለበት። በሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ከጕድጓዱ የሚመጣውን ሽታና በረሮ እንደ በር ሆኖ ይዘጋል። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1775 ለሽንት ቤት እንዲህ ያለውን ጐባጣ ቱቦ በፓተንት ካስመዘገበ ወዲህ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል።

ይህ ጥቂት ውኃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በ1995 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ ከተማ ታይቷል። አሞይ ጋርደንስ በሚባሉት ረጃጅም የመኖሪያ ሕንጻዎች ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ገብቶ ከ300 በላይ ነዋሪዎች ተያዙ። ባለሙያዎች ነገሩን በመረመሩ ጊዜ ለበሽታው መዛመት ከተቈጠሩት ምክንያቶች አንዱ በመታጠቢያ ቤቶቹ ወለል ያሉት የሲፎኖች ውኃ ደርቆ መገኘቱ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ወለሉን በርጥብ ጨርቅ ይወለውሉ ነበር እንጂ ውኃ አያፈሱበትም ነበርና። በዚህ ምክንያት የተበከለው አየር በቀዳዳው ወደ ቤት ተመለሰ። ስለዚህ ዘወትር የማይታጠቡበት ክፍል ቢኖር በየሳምንቱ አንድ ጣሳ ውኃ በቀዳዳው ማፍሰስ ይገባል።

8. ሴራሚኩን ስለ መምረጥና ስለ ማንጠፍ

ለግድግዳ የተሠራ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ለወለል አይሆንም። ለመታጠቢያ ቤት የሚገዛው ገጹ ሻከር ያለ፣ በእግር ሲረግጡት የሚይዝ ይሁን። በሱቅ ውስጥ መፈተኑ ቀላል ነው፤ በአንዱ ሴራሚክ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጎ በአውራ ጣት መግፋት ነው። ጣቱ እንደ ዘይት ከተንሸራተተ ሌላ ይመረጥ።

መጠኑም ይታሰብ። ወለሉ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው በአንድ ገጽ ብቻ የሚያዘነብል ከሆነ ትልልቅ ሴራሚክ ሊነጠፍ ይችላል። ቀዳዳው በክፍሉ መካከል ሆኖ ወለሉ ከአራቱም በኩል ወደ እርሱ የሚወርድ ከሆነ ግን ትልልቁ ሴራሚክ ጕብጠቱን መከተል ስለማይችል፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ትንንሽ ሴራሚክ ይመረጣል፤ ወይም ትልቁ ከጥግ ወደ ቀዳዳው በሰያፍ ይቈረጣል። ትንንሹ ሴራሚክ መጋጠሚያው ስለሚበዛ እግርን ይበልጥ ይይዛል።

ከማንጠፍ በፊት ሴራሚኩ ያለ ሲሚንቶ ተደርድሮ ይታያል፤ የሚቈረጡትም በማይታየው ጥግ እንዲውሉ ይደረጋል። ማጣበቂያው በጥርሳም ማንኪያ በወለሉ ሁሉ ይዘረጋል፤ ከሴራሚኩም ሥር ባዶ ቦታ መቅረት የለበትም። በአራቱ ማዕዘንና በመካከል አምስት እንክብል ሲሚንቶ አድርጎ ሴራሚኩን በላዩ መጫን ሥራውን ቢያፋጥንም፣ ከሥሩ ባዶ ስለሚቀር ውኃ ይተኛበታል፣ ከባድ ነገር ሲወድቅበትም ይሰበራል። ባዶ መሆኑን ለማወቅ በሳንቲም መታ መታ ማድረግ ይበቃል፤ እንደ ከበሮ የጮኸው ተነሥቶ እንደ ገና ይነጠፋል።

በሴራሚኮቹ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተውና በማግሥቱ በመጋጠሚያ መሙያ ይሞላል። ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት ማዕዘን ግን ሲሚንቶ ሳይሆን የሚለመጥ ሲሊኮን ይደረጋል፤ ቤቱ ጥቂት በተንቀሳቀሰ ጊዜ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ ውኃ እንዳያስገባ ነው።

9. የመጨረሻው ፈተናና አያያዙ

ሥራው ካለቀና ከደረቀ በኋላ ባለቤቱ ለግንበኛው የመጨረሻውን ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ፈተና ያድርግ። አንደኛው፣ አንድ ባልዲ ውኃ ከቀዳዳው በራቀው ጥግ ደፍቶ ማየት ነው፤ ውኃው በየትም ሳይቋጠር ወደ ቀዳዳው መሄድ አለበት። ሁለተኛው፣ ቀዳዳውን በጨርቅና በላስቲክ ደፍኖ ጥቂት ውኃ እስከ ማግሥቱ ማስተኛት ነው፤ በግድግዳው ውጭ ርጥበት ያልታየ እንደ ሆነ ሥራው መልካም ነው።

ከዚያ በኋላ ወለሉ በሳሙናና በውኃ ይታሸ፤ አልፎ አልፎም በውኃ የቀጠነ በረኪና ይደረግበት። በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከድብልቁ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላልና። አሲድ ደግሞ ብቻውንም ቢሆን የመጋጠሚያውን ሲሚንቶ ይበላል።

10. ውኃው ከቤት ከወጣ በኋላ

በተዳፋት አገር የአንዱ ሰው ጓሮ የሌላው ሰው ጣራ ጐን ነው። ከመታጠቢያ ቤታችን የወጣውን የሳሙና ውኃ ወደ ታችኛው ጐረቤት መልቀቅ በሽታን ማዛወር እንጂ ንጽሕና አይደለም። ስለዚህ ቱቦው በድንጋይ ወደ ተሞላ የመስረጊያ ጕድጓድ ይግባ። ጕድጓዱ ከቤቱ መሠረት በታችኛው በኩል ራቅ ያለ፣ ከምንጭና ከውኃ ጕድጓድም ቢያንስ 30 ሜትር የራቀና ከእነርሱ በላይ በኩል ያልሆነ መሆን አለበት። የቦታውን ምርጫ በተመለከተ በየቀበሌው ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማማከር ይጠቅማል።

11. ሴራሚክ ለመግዛት ለማይቻለው

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ሁሉ ሴራሚክ የመግዛት ዐቅም አለው ማለታችን አይደለም። ጤናን የሚጠብቀው የሴራሚኩ ውበት ሳይሆን የወለሉ አቀማመጥ ነው። በሚገባ የተዘነበለ፣ ገጹ በመጥረጊያ ጥቂት የተሻከረ የሲሚንቶ ወለል፣ ጠማማ ሆኖ ከተነጠፈ ውድ ሴራሚክ እጅግ ይበልጣል። ለዚህም የሚያስፈልገው ጥቂት ሲሚንቶ፣ ንጹሕ አሸዋ፣ ውኃ የተሞላ ጎማና ትዕግሥት ብቻ ነው።

እንግዲህ ለማጠቃለል ያህል፣ ቤቱን የሚያሳድስ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «በዚህ ወለል ላይ የወደቀ የውኃ ጠብታ ወዴት ይሄዳል?» መልሱን ሳያውቅ አንድ ሴራሚክ እንኳ አያንጥፍ። ግንበኛው ወለሉ ያዘነብላል ብሎ ሲነግረውም አይቈጣ፣ አያስቸኵለውም፤ አብሮት ጎማውን ይያዝና ይለካ። በዚያ አንድ ሰዓት መለካት የእናትን አጥንት ከመሰበር፣ የቤትንም ግድግዳ ከመበስበስ ማዳን ይቻላልና።